ቅዱስ ጊዮርጊስ ከማኅበር ጽዋ ወደ ቢራ ጠርሙስ

ሞጣ በምሥራቅ ጎጃም ከሚገኙት የቆዩ ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ስሟ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ጋር ተያይዞ ይነሣል። ይህን ደብር በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ያስተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። ለደብሩ አገልጋዮችም መሬት ተሰጥቷቸው ስለ ነበር፣ የጊዮርጊስ ስም በዚያ አገር የጸሎት ስም ብቻ ሳይሆን መብትና ግዴታ የሚታወቅበት ስም ሆኖ ኖሯል።

ይህ ግዴታ በተራው ምእመን ዘንድ የሚታየው በጽዋ ማኅበር ነው። በየወሩ በ23ኛው ቀን ማኅበርተኞቹ በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። የቤቱ እመቤት ብቅል አብቅላ፣ ጌሾ ወቅጣ ጠላውን ትጠምቃለች፤ ዳቦውንም ትደፋለች። ካህኑ ይባርካል፤ ሙሴው ሥርዐቱን ይመራል፤ ነዳያን ይመገባሉ። በመጨረሻም የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ይረከባል። ጽዋውን የተረከበ ሰው በሚመጣው ወር ሌላውን የማብላትና የማጠጣት ዕዳ አለበት።

ሥዕሉም እንዲሁ የራሱ ሥፍራ አለው። በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር የሚወጋው ሰማዕት በቤተ ክርስቲያን የሚሣለው አብዛኛውን ጊዜ በእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ነው። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዚሁ በቅዱሱ ዕለት በመሆኑ፣ ፈረሰኛው የአገር ጠባቂ ምልክት ሆኖ ይበልጥ ተወደደ።

በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የቢራ ፋብሪካ ስሙንም ምልክቱንም የወሰደው ከዚህ ከተወደደው ቅዱስ ነው። ፋብሪካው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በመንግሥት እጅ ገብቶ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ካስቴል ለተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ተሸጠ። ባለቤቱ ሲለዋወጥ ፈረሰኛው ግን አልተለወጠም። በዚህም ምክንያት «ጊዮርጊስ» የሚለው ስም በመጠጥ ቤት ሲጠራ የሚያመለክተው ጠርሙሱን ሆነ። በቤተ ክርስቲያን ስሙን የሚጠራ ሰው ይማጠናል፤ በመጠጥ ቤት የሚጠራው ግን ያዝዛል።

ነገር ግን ቅዱሱንና መጠጡን መጀመሪያ ያገናኘው ንግድ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ሁለቱ በጽዋው ማኅበር ቀድሞውኑ ተገናኝተው ነበር። ንግዱ ያስቀረው ተራውን ነው። ጠርሙሱን የገዛ ሰው ዋጋውን ከከፈለ በኋላ በሚመጣው ወር ለማንም ባለዕዳ አይደለም። ፈረሰኛውም ከእመቤታችን ሥዕል ተለይቶ ብቻውን በወረቀት ላይ ታተመ።

የማስታወቂያ አሠራር በሌላውም ዓለም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኮካ ኮላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1931 ጀምሮ ሀደን ሰንድብሎም በሣላቸው ሥዕሎች የገና አባትን ለመጠጡ ማስታወቂያ አደረገ። አዛውንቱን የፈጠረው ኩባንያው አይደለም፤ ቀይ ልብስ ለብሶም ከዚያ በፊት ተሥሏል። ይሁን እንጂ አንዱ መልክ በየዓመቱ ስለ ተደጋገመ፣ የቀሩት መልኮቹ እየደበዘዙ ሄዱ። በኢትዮጵያም ሃይኔከን በ2006 ዓ.ም. ግድም ያወጣው ቢራ ዋልያ ተብሏል። ዋልያ በሰሜን ተራሮች ብቻ የሚኖር ብርቅ እንስሳ ከመሆኑም ሌላ የብሔራዊው የእግር ኳስ ቡድን መጠሪያ ነው። ስለዚህ ነጋዴው አዲስ ፍቅር መፍጠር አላስፈለገውም፤ ሌሎች ያከማቹትን ፍቅር ተጠቀመበት።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከለከለ። ሆኖም በጠርሙሱ ላይ ያለው ስምና ሥዕል እንደ ነበረ ቀርቷል፤ ይህም ድምፅ የማያሻው ማስታወቂያ ነው።

እንግዲህ የባሕል ምልክት ተወሰደ ሲባል፣ መመርመር ያለበት ሥዕሉ የት እንደ ታተመ ብቻ አይደለም። ምልክቱ በሰውና በሰው መካከል ያቆመው ግዴታ መጥፋቱ ወይም መቈየቱ ጭምር ነው። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት ቤት የጊዮርጊስ ስም ዛሬም አደራ ነው። ጠላ መጥመቁ ቀርቶ ሳጥን ቢራ ቢገዛ እንኳ፣ ተረኛው ጽዋውን እስከ ተረከበ ድረስ ማኅበሩ አልፈረሰም። የሚረከበው ሰው የታጣ ዕለት ግን ከፈረሰኛው የሚቀረው የንግድ ምልክቱ ብቻ ይሆናል።