ማሽተት ብቻውን አይበቃም

ዳማከሴ ለምች፣ በሶብላ ለበርበሬና ለሽሮ፣ ጦስኝ ለሻይ፣ ጥንጁት ለጠላ ጋን ማጠኛ። ሙያቸው ለየቅል ቢሆንም አራቱም የናና ቤተሰብ ናቸው። ዕፅ ለማስለየት ወደ እኛ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያምነው አፍንጫውን ነው፤ ቅጠሉን አሸት አድርጎ «ይሸታል፤ ከነዳማከሴ ወገን ነው» ይላል። አፍንጫ ጠቋሚ እንጂ ዳኛ አይደለም።

እኔ ከግንዱ እጀምራለሁ። ለጋውን ቀንበጥ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ይዤ አዟዙረዋለሁ። የናና ወገን ከሆነ አራት ጠርዝ ጣቴን ይነካኛል። ይህም ቢሆን ብቻውን አያስተማምንም፤ የባቄላ አገዳም አራት ማዕዘን ነው። ነገር ግን የባቄላ ቅጠል አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ እየተፈራረቀ ሲወጣ፣ የናና ወገን ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ቀጣዩም ጥንድ በፊተኛው ላይ መስቀለኛ ይሆናል። ሳማም ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ነው፤ እሱን ግን የነካው ሰው አይስተውም።

አስቸጋሪዎቹ ኮሰረትና የወፍ ቆሎ ናቸው። ግንዳቸው ማዕዘን አለው፣ ቅጠላቸው ትይዩ ነው፣ ሲታሹም ይሸታሉ። ሆኖም ሁለቱም ከሌላ ቤተሰብ ናቸው። በኮሰረት ቢሳሳቱ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ለቅቤ ማንጠሪያ የለመድነው ቅጠል ነው። ላንታና የምንለው የወፍ ቆሎ ግን ከብት ሲበላው ጉበቱን ይጎዳል፤ ቆዳውም ፀሐይ መቋቋም ያቅተዋል።

እዚህ ላይ የሚፈርደው ፍሬው ነው። የወፍ ቆሎ ሲበስል የሚጠቁር ለስላሳ ፍሬ ያፈራል፤ የኮሰረት ደረቅ ፍሬ ለሁለት ይከፈላል። የናና ወገን አበባው ከረገፈ በኋላ አረንጓዴው የአበባ መያዣ በቦታው ይቀራል። በጥፍር ሰንጥቀው ወደ ሥሩ ቢያዩ አራት ጥቃቅን ደረቅ ፍሬዎች ተጠጋግተው ያገኛሉ፤ አንዳንዴ ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ይመክናሉ።

አበባው ደግሞ በቤተሰቡ ውስጥ ማን ማን እንደሆነ ይነግራል። ባለ ሁለት ከንፈር ነው። የዳማከሴን አበባ ሲያዩ የወንዴ ብናኝ የሚይዙት አራት ክሮች በታችኛው ከንፈር ላይ ተኝተዋል፤ ንብ ስታርፍ ሆዷ በብናኝ ይለወሳል። በየመንገዱ ዳር ግንዱን ከብቦ ክብ ክብ ሆኖ የሚያብበው ብርቱካናማው ራስ ክምር ተቃራኒው ነው። ክሮቹ ረጅምና ጸጉራም በሆነው የላይኛው ከንፈር ሥር ተሸሽገዋል፤ ብናኙን የምትወስደውም የአበባ ወለላ የምትጠጣ ትንሽ ወፍ ናት፣ በራሷ ላይ።

ስለዚህ ዕፅ ለማስለየት የሚመጣ ሰው ሁለት ቀንበጥ ቢያመጣ ይመረጣል፦ አንዱ ያበበ፣ ሌላው አበባውን አርግፎ ፍሬ የያዘ። በጋዜጣ መሀል ተዘርግተው ቢደርቁ አይበሰብሱም። የተለቀመበት ቦታ፣ ቀኑ፣ የአበባው ቀለምም አብሮ ይጻፍ፤ ዕፁ ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋልና። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ 5ኛ ቅጽ ይህን ቤተሰብ ይዟል፤ እሱን ገልጠን ዝርያ ስንለይ ደጋግመን የምንመለከተው አበባውንና መያዣውን ነው። ከግንድና ከቅጠል ቤተሰቡን መጠርጠር ይቻላል፤ ስሙን እርግጠኛ ሆኖ ለመጥራት ግን እስኪያብብ መጠበቅ ይሻላል፣ በተለይ ለመጠጣት ወይም ለከብት ለመስጠት ከታሰበ።