የማያልቁ ነገሮች ሁሉ እኩል ናቸውን?

አማርኛ ታላቅ ብዛትን ሲገልጽ «እልፍ»፣ «እልፍ አእላፋት» ይላል። እልፍ በግዕዝ አኃዝ ፼ ተብሎ የሚጻፈው 10,000 ነው፤ የቱንም ያህል ቢደራረብ ተቆጥሮ ያልቃል። ለመሆኑ ጨርሶ የማያልቀውን ከሌላ ከማያልቅ ጋር ማወዳደር ይቻላልን?

እስቲ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መገኛ የሆነችውን የጉብሬን አካባቢ እንመልከት። በጉራጌ መንደሮች ቤቶች ጀፎረ በተባለው ሣር በለበሰ ሰፊ መንገድ ግራና ቀኝ ይሠራሉ። የግራውና የቀኙ ቤቶች እኩል መሆናቸውን ለማወቅ መቁጠር አያሻንም፤ እያንዳንዱን ከአንድ ማዶ ቤት ጋር እናጣምራለን። ያለ ጥንድ የቀረ ከሌለ እኩል ናቸው።

አሁን ጀፎረው ማለቂያ የለውም እንበል። የግራዎቹን ቤቶች 1፣ 2፣ 3...፣ የቀኞቹን ደግሞ 2፣ 4፣ 6... ብለን እንሰይም። እያንዳንዱ ቁጥር ከእጥፉ ጋር ይጣመራል፤ የሚቀር የለም። እነሆ፣ ተጋማሽ ቁጥሮች የመቁጠሪያ ቁጥሮች ከፊል ሆነው ሳለ በብዛት እኩል ሆኑ! ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ተመሳሳይ ነገር አስተውሎ፣ «ይበልጣል»፣ «ያንሳል»፣ «እኩል ነው» የሚሉት ቃላት ለማያልቁ ነገሮች አይሠሩም ሲል ደመደመ።

ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጌዎርግ ካንቶር ግን እ.ኤ.አ. በ1874 የማያልቁትም እንደሚበላለጡ አረጋገጠ። በ1891 ያቀረበው ማስረጃ እጅግ ቀላል ነው። በ0 እና በ1 መካከል ያሉትን አስርዮሽ ቁጥሮች ሁሉ አንድ፣ ሁለት እያልን በዝርዝር ጻፍናቸው እንበል። ከመጀመሪያው ቁጥር የመጀመሪያውን አኃዝ፣ ከሁለተኛው ሁለተኛውን እያልን እንውሰድ፤ አኃዙ 5 ከሆነ 6፣ ካልሆነ 5 እንጻፍ። የሚገኘው አዲስ ቁጥር ከዝርዝሩ ቁጥሮች ከእያንዳንዱ ቢያንስ በአንድ አኃዝ ይለያል። ስለዚህ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዝርዝሩን ምንም ያህል ብናስተካክለው ጥንድ አልባ ቁጥር አይጠፋም።

ይህ ባዶ ጨዋታ አይደለም። የኮምፒውተር ፕሮግራም ውሱን የምልክቶች ሰንሰለት ስለሆነ ፕሮግራሞችን ሁሉ በቅደም ተከተል መዘርዘር ይቻላል፤ ቁጥሮችን ግን አይቻልም። አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳሳየው፣ የትኛውም ፕሮግራም ሊያሰላቸው የማይችል ቁጥሮች አሉ፤ እንዲያውም አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። እኛ የፊዚክስ መምህራን ርቀትንና ጊዜን የምንወክለው በእነዚሁ ቁጥሮች ነው።

ክፍልፋዮችስ? እነርሱ ሊዘረዘሩ ይችላሉ። እንዴት የሚለውን ለአንባቢያን እርሳስና ወረቀት ትተናል።