የእግር ደም መልስ ሥር ሕመም፦ ካልሲ ከማዘዛችን በፊት

መግቢያ

አቃቂ ቃሊቲ ከአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘመን ጀምሮ የሠራተኛ ሠፈር ነው። በመኪና ፊት ሙሉ ፈረቃ ቆማ የምትውል የፋብሪካ ሠራተኛ፣ በር ላይ የሚቆም ጥበቃና ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ሥራቸው ቢለያይም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ባታቸው ለረጅም ሰዓት አይንቀሳቀስም። «ወደ ማታ እግሬ ይከብደኛል፣ ጫማዬ ይጠበኛል» የሚለው አቤቱታም ከዚሁ ይመነጫል። ለዚህ ሕመም ተጫኝ ካልሲ ጥሩ ሕክምና ነው፤ ያለ ምርመራ ከታዘዘ ግን እግር ሊያሳጣ ይችላል።

ሕመሙ እንዴት ይከሰታል?

ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም በቁርጭምጭሚቱ ደም መልስ ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ሲራመድ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፤ ቫልቮች ወደ ታች እንዳይመለስ ያግዱታል፤ ግፊቱም ከ30 በታች ይወርዳል። በእርግዝና፣ በውፍረት፣ በዕድሜ፣ በዘር ወይም ቀደም ሲል በደረሰ የደም መርጋት ምክንያት ቫልቮቹ ሲላሉ ግፊቱ በእርምጃም በበቂ ሁኔታ አይወርድም። ውጤቱም የሥሮች መወጣጠር፣ እብጠት፣ የቆዳ መጥቆር፣ በመጨረሻም ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በላይ የሚወጣ ለመዳን የሚዘገይ ቁስል ነው።

ካልሲ ከማዘዝ በፊት

1. የደም ቅዳ ሥር ዝውውርን መመርመር፦ በእግር ጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ትርታውን በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። ትርታው ካልተገኘ የቁርጭምጭሚትና የክንድ ግፊት በዶፕለር ይነጻጸር። ውጤቱ ከ0.8 በታች ከሆነ የተለመደው ጫና አይሰጥም፤ ከ0.5 በታች ከሆነ ጫና ጨርሶ ክልክል ነው። በስኳር ሕሙማን ሥሩ ስለሚደርቅ ልኬቱ ከፍ ብሎ ሊያታልል ይችላል።

2. ሌላ ምክንያት መኖሩን ማጣራት፦ ሁለቱም እግሮች ካበጡ ልብ፣ ኩላሊትና ጉበት ይመርመሩ፤ ታካሚው አምሎዲፒን ይወስድ እንደሆነም ይጠየቅ። አንዱ እግር በድንገት አብጦ ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይላክ። ቀይ አፈር ባለበት ደጋ በባዶ እግሩ ሲያርስ በኖረ ሰው ላይ ከመርገጫው የጀመረ እብጠት ዝሆኔን ያሳስባል።

የካልሲው ምርጫና አጠቃቀም

ካልሲው በቁርጭምጭሚት ላይ ጠንክሮ ወደ ላይ እየላላ የሚሄድ ነው። ለድካምና ለቀላል እብጠት ከ15 እስከ 20፣ ለተወጣጠሩ ሥሮችና ለግልጽ እብጠት ከ20 እስከ 30፣ ቁስሉ የዳነ እንዳያገረሽበት ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይታዘዛል። ልኬቱ እብጠት በማይኖርበት በጠዋት ይወሰድ። ታካሚው ከአልጋ ሳይወርድ ያጥልቀው፤ ማታ ያውልቀው። አፉን ማጠፍ እግርን በገመድ እንደ ማሰር ነው። ጣቶች ከገረጡ፣ ከደነዘዙ ወይም ካመማቸው ወዲያውኑ ይወለቅ።

ካልሲ መግዛት ለማይችል፣ ትርታው ደህና ከሆነ፣ ላስቲክ ፋሻ ከጣቶች ሥር እስከ ከጉልበት በታች መጠቅለልን እናስተምረው። በሥራ መሀል ተረከዝን ደጋግሞ ማንሳትና ማውረድ፣ ማታ እግርን ከልብ ከፍ አድርጎ መተኛት ደግሞ ወጪ የላቸውም።

ካልሲ የላላ ቫልቭ አይጠግንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የብሪታንያ ጥናት እንዳሳየው፣ ከጫናው ጋር የተበላሸውን የላይኛውን ሥር ቀድሞ ማከም ቁስልን ያፋጥናል፤ ስለዚህ ቁስል ያለበትን ታካሚ ወደ ቀዶ ሐኪም መላክን አናዘግይ።

አመጋገብ

ቫልቭ የሚጠግን ምግብ የለም። ምግብ የሚረዳው ክብደትን በመቀነስ፣ የሆድ ድርቀትን በመከላከልና ቁስልን በማዳን ነው። የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮና ጎመን አሰር አላቸው፤ በጾም ወራትም ባቄላና ምስር ፕሮቲን ይሰጣሉ። ዘይት ይቀነስ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ የሚገባባቸው ጨው ጭምር ይቆጠር።

ማጠቃለያ

የእግር ትርታን መዳሰስ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ መሣሪያም አይጠይቅም። ካልሲ የምናዝዝ ሁሉ ጣታችንን አስቀድመን እዚያ እናሳርፍ።