የእንስሳት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ለጀማሪ አንባቢ ስለ መጥቀሙ፤ በኩርሙክ ልጆች ምሳሌነት

ሕፃን ልጅ ፊደል ከመለየቱ አስቀድሞ ብዙ ነገር ይለያል። የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ፣ የቤቱን ውሻ ከጎረቤት ውሻ፣ የፍየሉን ግልገል ከበጉ ግልገል ለይቶ የሚያውቀው ማንም ሳያስተምረው ነው። ከዚህም ዕውቀቱ ሁሉ አብልጦ ደስ የሚለው የእንስሳት ነገር እንደ ሆነ፣ ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ስለዚህ ንባብ የሚጀምረውን ልጅ ወደ ፊደል ለመምራት የእንስሳት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ የተመረጠ መንገድ መሆኑን በዚህ የቤተ ሰብ ገጻችን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን። ነገሩንም በጠቅላላ ቃል ብቻ እንዳናልፈው በአንድ ስፍራ እንመለከተዋለን፤ ያም ስፍራ ኩርሙክ ነው።

ኩርሙክ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን፣ ከሱዳን ወሰን ላይ ያለ ቆላ አገር ነው። ከወሰኑ ማዶ ያለችውም የሱዳን ከተማ ስሟ ያው ኩርሙክ ነው። የበርታ ሕዝብ ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም ይኖራል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የክልሉ ነዋሪ 784 ሺህ ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሩብ የሚሆነው በርታ ነበረ። የበርታ ልጅ በቤቱ በርታኛ ይናገራል፤ በገበያና በቁርኣን ትምህርት ዐረብኛ ይሰማል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለ ሆነ ደግሞ በመሥሪያ ቤት አማርኛን ያገኛል። ሦስቱም ቋንቋዎች የሚጻፉበት ፊደል ልዩ ልዩ ነው። በርታኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ ዐረብኛም በራሱ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። እንግዲህ በሰባት ዓመት ዕድሜ ያለ የኩርሙክ ልጅ፣ ሌላው አገር ልጅ አንዱን ፊደል ለማወቅ በሚደክምበት ጊዜ፣ እርሱ በሦስት ፊደሎች መካከል ቆሞ ይገኛል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ጦርነት ያመጣው ጭንቅ ተጨምሮአል። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን በብሉ ናይል ግዛት ውጊያ በተነሣ ጊዜ፣ ዳግመኛም በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በጀመረ ጊዜ፣ ብዙ ቤተ ሰብ በኩርሙክ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮአል። ከእነዚህም ልጆች አንዳንዱ በዐረብኛ ፊደል ማንበብ ጀምሮ ሳይጨርስ ያቋረጠ ነው። የዚህ ዓይነቱ ልጅ አዲስ ፊደል ሲቀርብለት ያለፈው ድካሙ ሁሉ ከንቱ የሆነ ይመስለዋል። እንዲህ ተስፋ እንዳይቈርጥ፣ ከሦስቱ ፊደሎች ለአንዱም ሳያደላ ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ ነገር ያስፈልገዋል። ያም ነገር ሥዕል ነው። የፍየል ሥዕል በበርታኛም በአማርኛም በዐረብኛም ያው ፍየል ነው፤ ከሥሩ የሚጻፈው ቃል ብቻ ይለዋወጣል።

አስተውሎ ለተመለከተ ሰው ፊደል ራሱ ከእንስሳ ሥዕል የተወለደ ነው። እንግሊዛዊው የጥንት ታሪክ መርማሪ ፔትሪ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1905 በሲና በረሃ ከ3500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የድንጋይ ጽሕፈት አገኘ። ከዚያም ጽሕፈት ምልክቶች አንዱ ቀንድ ያለው የበሬ ራስ ሥዕል ነው። የበሬ ስም በሴም ቋንቋዎች «አልፍ» ከሚለው ጋር የተዛመደ ስለ ሆነ፣ ያ ሥዕል የስሙን የመጀመሪያ ድምፅ ያመለክት ነበር። ከዚያ ዘመን ወዲህ ምልክቱ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ሲተላለፍ መልኩ ተለወጠ፤ የግዕዙ አልፍ፣ የዐረቡ አሊፍ፣ የላቲኑም የመጀመሪያ ፊደል ከእርሱ ወረዱ። የላቲኑን የመጀመሪያ ትልቅ ፊደል ገልብጦ ያየ ሰው ሁለቱን ቀንዶች እስከ ዛሬ ይመለከታቸዋል። እነሆ፣ በኩርሙክ የሚገናኙት ሦስቱ ፊደሎች የአንድ በሬ ልጆች ናቸው። የእንስሳ ሥዕል ለጀማሪ አንባቢ ይሰጥ ስንልም ልጁን ፊደል ወደ ተነሣበት መንገድ መመለሳችን ነው እንጂ አዲስ ነገር መፍጠራችን አይደለም።

በአውሮፓ ይህን መንገድ በመጽሐፍ ካሳዩት ሰዎች ቀዳሚው የሞራቪያው መምህር ኮሜኒዩስ ነው። በ1658 በኑረምበርግ ከተማ ያሳተመው የሥዕል መጽሐፍ ፊደልን የሚያስተምረው በእንስሳት ጩኸት ነበር። ለመጀመሪያው ፊደል ቁራ ስትጮኽ፣ ለሁለተኛው ጠቦት ሲጮኽ ተሥሎአል። ልጁ ድምፁን አስቀድሞ ያውቀዋልና ምልክቱን ብቻ መማር ይቀረዋል። በእኛም ቋንቋ በግ ሲጮኽ የሚያሰማው ድምፅ «በግ» ከሚለው ስም የመጀመሪያ ፊደል ጋር መተባበሩን ልብ ይሏል።

ኢትዮጵያም ብትሆን ለእንስሳ ሥዕልና ለእንስሳ ታሪክ እንግዳ አልነበረችም። ከዓለም ጥንታውያን የወንጌል መጻሕፍት መካከል የሚቈጠረው የአባ ገሪማ ወንጌል ገጾቹ በአዕዋፍ ሥዕል ያጌጡ ናቸው። የአራዊትንና የአዕዋፍን ጠባይ እያነሣ ምግባር የሚያስተምረው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም ከጽርእ ቋንቋ ወደ ግዕዝ የተተረጐመው በጥንት ዘመን ነው። ነገር ግን ሥዕሉ በካህናት እጅ፣ ተረቱ በሽማግሌዎች አፍ ሲኖሩ፣ የልጁ የፊደል ገበታ ያለ ሥዕል ቀረ። የገበታውን ጥቅም አንነቅፍም፤ በጣት እያመለከቱ በዜማ ማስቈጠሩ ለማስታወስ የበረታ ብልሃት ነው። ነገር ግን ፊደሉን በቃሉ የሚያወርድ ልጅ ሁሉ ቃሉን አያነብምና፣ ገበታው የጀመረውን መጽሐፍ ሊፈጽመው ይገባል።

በዘመናችን ይህን ጐድሎ አይተው ከተነሡት ሰዎች አንዱ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው ስላሳዘናቸው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ባለ ቀለም ሥዕል ያለበት «ማሞ ቂሎ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ2003ም በአዲስ አበባ በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። በሐዋሳ ደግሞ መጻሕፍቱን አህያ በምትስበው ጋሪ ጭነው ወደ ልጆቹ እስከ መውሰድ ደረሱ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝም የክልሉን ቋንቋዎች በጽሕፈት ለማሳደግ የተቋቋመው ሥራ በ2007 የበርታኛን፣ የእንግሊዝኛንና የአማርኛን መዝገበ ቃላት አስወጥቶአል። መዝገበ ቃላት ለትልቅ ሰው ነው፤ ለልጅ የሥዕል መጽሐፍ ለሚያዘጋጅ ሰው ግን የታመነ ምንጭ ነው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለጌጥ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በስምንት ክልሎችና ከተሞች የሕፃናት ንባብ በተመረመረ ጊዜ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሶ አንዲት ቃል ያላነበበ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጡት መጻሕፍት ሁሉ የተዘጉ በሮች ይሆኑበታል። የሒሳቡም፣ የጤናውም፣ የሕጉም ትምህርት በንባብ ይሰጣልና። ልጁም ስንፍና ሳይኖርበት ሰነፍ ነኝ ብሎ ያምናል፤ ወላጆቹም ለከብት ጥበቃ ወይም ለወርቅ አጠባ ቢጠሩት አይፈረድባቸውም።

እንግዲህ ለኩርሙክ ልጅ የሚሠራው መጽሐፍ እንዴት ያለ ይሁን? አስቀድሞ እንስሳቱ የሚያውቃቸው ይሁኑ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1967 በአሜሪካ የታተመው፣ ቢል ማርቲን ጽፎት ኤሪክ ካርል ሥዕሉን የሠራው መጽሐፍ ስለ ቡናማ ድብ የሚናገር ነው። በየገጹ አንድ እንስሳ እየመጣ አንዱ ዓረፍተ ነገር ስለሚደጋገም ልጁ ሳይጨነቅ ያነባል። ይህ ብልሃት ሊወረስ ይገባዋል። ድቡ ግን የአሜሪካ ልጅ እንስሳ ነው እንጂ በአገራችን የለም፤ ስሙን የማያውቀውን እንስሳ ያየ ልጅ እንስሳውንም ፊደሉንም በአንድ ጊዜ እንዲማር ስለሚገደድ ሸክሙ እጥፍ ይሆንበታል። ለኩርሙክ ልጅ ፍየልና አህያ፣ ዶሮና ጅግራ፣ ዝንጀሮና ጅብ ይበቁታል። ዓሣና አዞም በክልሉ ውስጥ በሚያልፈው በዐባይ አሉ። ስማቸውም አስቀድሞ በበርታኛ ይጻፍ፤ የስሞቹን ትክክለኛ አነጋገር ከአገሩ ሽማግሌዎችና እናቶች ጠይቆ መጻፍ ይገባል። በቤቱ የሚጠራውን ስም በወረቀት ላይ ያገኘ ልጅ ጽሕፈት የንግግር መልክ መሆኑ ያን ጊዜ ይገባዋል፤ ይህንም አንድ ጊዜ ከተረዳ በሁለተኛው ፊደል እንደገና ሊማረው አያስፈልገውም።

ወደ አማርኛው ሲተላለፍ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። የአማርኛ ዋናዎቹ ፊደላት 33 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በ7 ድምፅ ስለሚለዋወጡ 231 መልክ ይሆናሉ። ይህ ለልጅ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ቋንቋችን ራሱ መሰላል አዘጋጅቶለታል። ላም፣ በሬ፣ በግ፣ ዶሮ፣ ውሻ፣ ጅብ፣ አዞ፣ ኤሊ፣ ጦጣ፣ ቆቅ፣ ዓሣ፣ እነዚህ ሁሉ የሚጻፉት በሁለት በሁለት ፊደል ነው። ፍየል፣ አህያ፣ ግመል፣ ድመት፣ ጅግራ በሦስት ይጻፋሉ፤ አንበሳና ዝንጀሮ በአራት። መጽሐፉ በሁለቱ ጀምሮ ወደ ሦስቱ፣ ከዚያም ወደ አራቱ ቢሄድ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው ይሆናል። ደግሞ ጦጣ በሚለው ቃል ውስጥ አንዱ ፊደል በሳብዕና በራብዕ፣ ቆቅ በሚለውም በሳብዕና በሳድስ ይገኛል። የፊደል ቅርጽ ሲለወጥ ድምፁም እንደሚለወጥ ለማስረዳት ከእነዚህ ሁለት እንስሳት የተሻለ መምህር አይገኝም።

ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አንድ አደጋ እንዳለውም ልንሸሽግ አይገባንም። ብልህ ልጅ ሥዕሉን አይቶ ቃሉን ሳያነብ ይናገራል፤ ወላጁም አነበበ ብሎ ይደሰታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሥዕሉን በእጅ ሸፍኖ ቃሉን ማስነበብ፣ ከዚያም እጅን አንሥቶ ልጁ ትክክል ማንበቡን ራሱ በዓይኑ እንዲፈርድ መተው ነው። ሠዓሊውም ቢሆን ጦጣን ከዝንጀሮ፣ ቆቅን ከጅግራ በግልጥ የሚለይ ሥዕል ይሥራ። እንስሳው ሙሉ አካሉ ይታይ፤ ዙሪያው በጌጥ አይሞላ፤ ፊደሉም ትልቅና ጥቁር ይሁን። ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ወይም ወደ በርታኛ ለሚሻገረው ልጅ ደግሞ አቅጣጫው ስለሚገለበጥበት፣ እንስሳው ከግራ ወደ ቀኝ ሲራመድ ቢሣል የንባቡን መንገድ ያለ ብዙ ቃል ያመለክተዋል።

እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት እስኪመጣ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ወረቀት፣ ከሰልና ክር ባለበት ቤት ሁሉ አሥር ገጽ ያለው መጽሐፍ በአንድ ቀን ሊሰፋ ይችላል፤ ታላቅ ወንድም ይሣል፣ እናት ስሙን ትንገር፣ መጻፍ የሚችል ይጻፍ። ማንበብ የማይችል ወላጅም ቢሆን በዚህ ሥራ ከመምህር አያንስም፤ የእንስሳውን ጠባይና ተረቱን የሚያውቀው እርሱ ነውና፣ ልጁ ቃሉን ሲያነብለት እርሱ ታሪኩን ይነግረዋል። በትምህርትና በአስተዳደር ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም፣ ለወሰን አገር ልጆች መጽሐፍ ሲታዘዝ ሥዕሉ የየትኛው አገር እንስሳ እንደ ሆነና ስሙ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተጻፈ ሳትጠይቁ እንዳትፈርሙ አደራ እንላለን። የመጽሐፉ ዋጋ የሚታወቀው በገጹ ብዛትና በቀለሙ ውበት አይደለም፤ ልጁ የመጨረሻውን ገጽ ጨርሶ «እንደገና ላንብበው» ያለ እንደ ሆነ፣ ያ መጽሐፍ የወጣበትን ገንዘብ መለሰ ማለት ነው።