ስንት ሲሲ? የጡት ኢምፕላንት መጠንና ደህንነት

አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ላደጋችሁ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፦ ኮርቻ የሚመረጠው በፈረሱ ጀርባ ልክ ነው። የማይስማማ ኮርቻ የቱንም ያህል ቢያምር ጀርባውን ይገጥባል። ገጣባው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ይህቺን ነገር ያዙልን።

እኛ አገር ኢምፕላንት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ነው። እሱ የክብሪት እንጨት ቢያህል ነው፤ ጊዜው ሲያልቅም ይወጣል። የጡት ኢምፕላንት ግን ሌላ ነው፦ ውስጡ በሲሊኮን ጄል ወይም በጨው ውኃ የተሞላ የሲሊኮን ከረጢት። የሲሊኮን ጄሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የገባው በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሂውስተን ውስጥ ነው። ለውበት ብቻም አይደለም፤ በካንሰር ምክንያት ጡታቸው የተወገደ ሴቶችም ይጠቀሙበታል።

መጠኑ የሚነገረው በሲሲ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ 1 ሲሲ ወደ 1 ግራም ይጠጋል። ስለዚህ በየጎኑ 400 ሲሲ ያስገባች ሴት ወደ 800 ግራም ተሸከመች ማለት ነው፤ ተኝታም፣ ስትሮጥም፣ ለዓመታት። ይህን ሸክም የሚይዘው ቆዳና ከሥሩ ያለው ሥጋ ነው። ቆዳ ይለጠጣል፤ ግን ዋጋ አለው። የሙርሲ ሴቶች የከንፈር ሸክላ በትንሽ እንጨት ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ሸክላው ሲወጣ ግን ከንፈሩ ወደ ቦታው አይመለስም። ጡት ላይም ከልክ ያለፈ መጠን ቆዳውን ያሳሳል፣ ወደ ታች ይጎትታል። ለዚህ ነው ጥሩ ሐኪም ቁጥር ከመጥራቱ በፊት የደረትን ስፋትና የቆዳን ውፍረት የሚለካው። ለጓደኛችሁ የሆነው 400 ለእናንተ ላይሆን ይችላል።

መጠኑ ልክ ቢሆንስ? ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በጠባሳ ያጥረዋል። ይህ ጤናማ ነው። አንዳንዴ ግን ጠባሳው ይጨማደድና ጡቱን ያጠነክረዋል፣ ያሳምማል። ከረጢቱም ሊቀደድ ይችላል፤ የጄሉ መቀደድ ሳይታወቅ ስለሚቆይ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ ክትትል ያስፈልጋል። ኢምፕላንት የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም፤ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊመጣ ይችላል።

የዕቃው ማንነትም ወሳኝ ነው። ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲጠቀም ተገኝቶ በ2010 እ.ኤ.አ. ምርቱ ታገደ። በ2019 ደግሞ አለርጋን፣ ባዮሴል የተባሉትን ላያቸው ሻካራ የሆኑ ኢምፕላንቶች ከዓለም ገበያ ሰበሰበ፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከማይከሰት የሊምፎማ ካንሰር ጋር መያያዛቸው ነበር።

ዕድሜም አለ። አሜሪካ ለውበት ሲባል የፈቀደችው የጨው ውኃውን ከ18፣ ጄሉን ከ22 ዓመት ጀምሮ ነው።

እንግዲህ ከ«ስንት ሲሲ?» በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ደረቴ ምን ያህል ይችላል? የዕቃው ስምና መለያ ቁጥር በጽሑፍ ይሰጠኛል? ሐኪሙ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ነው? ከአሥር ዓመት በኋላ ችግር ቢመጣ ማን ያወጣልኛል፣ በስንት ብር? ለመጨረሻው መልስ ከሌላችሁ፣ ገና አልተዘጋጃችሁም።