የሐጅ ክትባትና የሐኪሙ «አይሆንም»

በዛሬው ዝግጅታችን ከወደ ኮሶዬ የደረሰንን የአንድ ቤተሰብ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ደጋ ናት።

ጠያቂው ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ አባት ናቸው። የመገጣጠሚያ ሕመም ስላለባቸው ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ኪኒን መውሰድ ከጀመሩ ወራት ተቆጥረዋል። ለሐጅ ሲያጠራቅሙ የኖሩት ገንዘብም አልሐምዱሊላህ ሞልቶላቸዋል። የቀጠሯቸው ቀን ደርሶ ስፔሻሊስቱ ዘንድ ሲገቡ «ዶክተር፣ የሐጅ ክትባቴን ልወጋ ነውና ልንገርዎ ብዬ ነው» አሉት። ሐኪሙም ካርዳቸውን አገላብጦ «አባቴ፣ የማጅራት ገትሩን ይውሰዱ፤ የቢጫ ወባው ግን ለእርስዎ አይሆንም» አላቸው።

አባት ይህን አልተቀበሉም። «አንዱ ክትባት ደግ ሆኖ ሌላው እንዴት ክፉ ይሆናል? ወይ ሁሉም ይሰጠኝ፣ ወይ ሁሉም ይቅርብኝ። ወረቀቱ ከሌለኝ እኮ አያስገቡኝም» አሉ። ሐኪሙ «ላይቭ ቫክሲን ነው፣ ኮንትራኢንዲኬትድ ነው» ብሎ የሚቀጥለውን ታካሚ አስጠራ። ማታ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ልጅ፣ ኪኒኑን ሳይናገሩ ሌላ ቦታ ሄደው ይወጉ አለ። አንድ ጎረቤት ደግሞ፣ ማኅተም ያረፈበት ቢጫ ደብተር በገንዘብ የሚያስገኝ ሰው አውቃለሁ አለ።

አድማጮቻችን፣ እኛ እንደተረዳነው ሐኪሙ በሕክምናው ልክ ነው። በአነጋገሩ ግን ልክ አልነበረም። ለአንድ የደጋ አባት «ኮንትራኢንዲኬትድ» ማለት ምንም እንዳለማለት ነው። ጠቡም የመጣው «ክትባት» የሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በመሸከሙ ነው።

የማጅራት ገትር ክትባት ውስጥ ሕይወት ያለው ተሕዋስ የለም። ከጀርሙ ሽፋን የተወሰደ ክፍል ብቻ ስለሆነ በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም። የቢጫ ወባው ክትባት ግን ሕያው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ እንዲዳከም ተደርጓል እንጂ አልሞተም። ጤነኛ ሰውነት በቀላሉ ይቋቋመውና መከላከያውን ይገነባል። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝብ መድኃኒት ነው፤ የመገጣጠሚያውን እብጠት የሚያበርደውም በዚሁ ሥራው ነው። በቀን 20 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ለሚወስድ ሰው ሕያው ክትባት አይሰጥም፤ የተዳከመው ቫይረስ ሊበረታበት ይችላልና። ዕድሜ ከ60 ሲያልፍም የቢጫ ወባ ክትባት ከባድ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ፣ ጥቂት ቢሆንም፣ ከወጣቱ ከፍ ይላል። በእኚህ አባት ላይ ሁለቱም ምክንያቶች ተገናኝተዋል።

የኮሶዬ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቀበሌዋ በስሟ የምታስታውሰን ኮሶ ለትል ፍቱን እንደሆነ ማን ያጣዋል? ሆኖም እናቶቻችን ለነፍሰ ጡር አይሰጡም፤ አቅሙ ለደከመም ሰው መጠኑን ሳያዩ አያጠጡም። ይህን ስላደረጉ «ኮሶ ክፉ ነው» ያላቸው የለም።

«እኔ በደጋ ነው የምኖረው፣ ቢጫ ወባ ምን አገናኘኝ?» የሚልም ይኖራል። እውነት ነው፣ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ብርድ አትወድም። ነገር ግን ሳዑዲ ዐረቢያ የምትጠይቀው በቀበሌ ሳይሆን በአገር ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ከሚያሰጋቸው አገሮች ተርታ ናት። እ.ኤ.አ ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ አገራችን የተነሳው ቢጫ ወባ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል።

የማጅራት ገትሩ ነገር ግን ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ በ1987 በሐጅ ወቅት መካ ላይ ወረርሽኝ ተነሳ። በዓመቱ ያው የጀርም ዘር ሱዳን ገባ፤ ወደ አገራችንም ተሻገረ። እ.ኤ.አ በ1988 እና በ1989 በኢትዮጵያ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ታመሙ። እ.ኤ.አ በ2000 ደግሞ ደብልዩ 135 የተባለ ሌላ ዓይነት በሐጃጆች መካከል ታየ። በዚያ ዓመት በአውሮፓ ከታመሙት መካከል መካን ያልረገጡ፣ ሐጃጁን በቤታቸው የተቀበሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ጀርሙ ጤነኛ በሆነ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ተደብቆ ይጓዛል፤ ከዘምዘሙና ከተምሩ ጋር እቤት ይገባል። ከእ.ኤ.አ 2002 ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ አራቱን ዓይነቶች የሚከላከል ክትባት ግዴታ ያደረገችው በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ «ሁሉም ይቅርብኝ» የሚለው ንግግር በእኚህ አባት ነፍስ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የልጅ ልጆችም በቤቱ አሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት፣ ለክትባቱ ብሎ ኪኒኑን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። ፕሬድኒሶሎንን ለወራት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆመው ሰውነቱ በድካም ሊወድቅ፣ ለሞትም ሊዳረግ ይችላል። የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ በሐኪሙ ትእዛዝ ነው። ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ ወይም ማቆም ይቻላል ካለ፣ ከፍተኛ መጠን ከቆመ በኋላ ለሕያው ክትባት አንድ ወር ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ዕድሜያቸውን ግን ያኔም ማመዛዘኑ አይቀርም። ኪኒኑን ደብቆ ሌላ ቦታ መወጋት፣ ያ ልጅ በቅን ልብ ቢያስበውም፣ አባቱን ለአደጋ መስጠት ነው።

ኪኒኑ የማይቆም ከሆነም በር አለ። ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ፣ በሕክምና ምክንያት ቢጫ ወባ መከተብ የማይችል ሰው ሐኪሙ ምክንያቱን ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጠው ይፈቅዳል። ወረቀቱን ተቀብሎ ማስገባት ወይም አለማስገባት ግን የተቀባዩ አገር ሥልጣን ነው። ስለዚህ ለጉዞው ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሐጅ ጉዞውን የሚያስተባብረውን መጅሊስ ማነጋገር ይገባል። ደግሞም አሮጌ ቢጫ ደብተር በሣጥኑ ያለው ሰው አውጥቶ ይይ። ቀድሞ በ10 ዓመት ያበቃ የነበረው የቢጫ ወባ የምስክር ወረቀት ከእ.ኤ.አ 2016 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለንግድም ይሁን ለሥራ ሱዳን ወይም ዐረብ አገር ደርሶ የተመለሰ አባት በጎንደር ጥቂት አይደለም። ሐኪሙ ካልጠየቀ እኛ እንንገረው።

የተገዛውን ማኅተም በተመለከተ ብዙ አንልም። ወደ አላህ ቤት በሐሰት ምስክር የሚወጣ ሰው ኢሕራሙን ምን ላይ ሊያስረው ነው? ሐጅ የተደነገገው በቻለ ላይ ነው፤ ዑለማዎቻችን ጤናን ከመቻል ይቆጥራሉ። ሕመሙ ይሻለኛል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ይጠብቃል፤ ተስፋ የሌለው ደግሞ ለራሱ ሐጅ ያደረገ ሰው ይወክላል። የእኚህን አባት ጉዳይ ለይቶ መመለስ የሚያውቋቸው ዐሊም ድርሻ ነው።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ልጃቸው አብሯቸው ይግባ። የኪኒኑን ማሸጊያ፣ ካለም አሮጌውን ደብተር ይያዙ። «ዶክተር፣ ለእኔ የማይሆነው የትኛው ነው? ለምን? እስከ መቼ?» ብለው ይጠይቁ፤ ያልገባቸው ቃል ካለ በአማርኛ ይድገምልኝ ማለት ነውር የለበትም። የማጅራት ገትሩን ክትባት ግን አያቆዩት። ሳዑዲ ከመግባት ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው መከላከያው ሊያንስበት ስለሚችል ሰፋ ያለ ጊዜ መስጠት ይሻለዋል። እንደ ክትባቱ ዓይነት ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት ያገለግላልና፣ ጉዞው ለከርሞ ቢተላለፍ እንኳ አይባክንም።