ቁጥሩን ከነሰዓቱ

በአንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ወይም የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውስጥ ሙቀትንና ግፊትን የሚለኩ ብዙ መሣሪያዎች አሉ። የለኩት ቁጥር በፋብሪካው ሰርቨር ላይ ይመዘገባል፤ ከዚያም በዋናው መሥሪያ ቤት ወዳለው ሰርቨር ይላካል። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጉዞ ቁጥሩ በደኅና ደርሶ ሰዓቱ ቢሳሳት ምን ጉዳት አለው? ከንባቤ የተረዳሁትን በአጭሩ ልግለጽ።

እስቲ ደብዳቤን እናስብ። ጸሐፊው በራስጌው የሚያኖረው ቀን አንድ ነው፤ ፖስታ ቤት ሲደርስ የሚመታበት ማኅተም ግን ሌላ ነው። ኦፒሲ ዩኤ የተባለው የፋብሪካ መረጃ መለዋወጫ ደንብም ቁጥሩ የተለካበትን ጊዜና ሰርቨሩ የተቀበለበትን ጊዜ ለይቶ ይይዛል።

መስመር ሲቋረጥ ላኪው ቁጥሮቹን አከማችቶ በኋላ ይልካቸዋል። ተቀባዩ የደረሱበትን ሰዓት ብቻ ቢጽፍ የትናንቱ ሙቀት የዛሬ ይመስላል፤ ሠራተኛውም የጋለውን ቦይለር ቀዝቅዟል ብሎ ሊተወው ይችላል። አቆጣጠሩም አንድ መሆን አለበት፤ እኛ ጧት 3 ሰዓት የምንለው ዩቲሲ በተባለው የዓለም ሰዓት 6 ነውና።

ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም. በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መብራት ጠፋባቸው። መርማሪዎች ከየጣቢያው መዝገብ ሰበሰቡ፤ ነገር ግን የብዙዎቹ ሰዓት ስላልተስማማ የትኛው ብልሽት እንደቀደመ ለመለየት እጅግ ደከሙ። በኋላም የመመዝገቢያዎች ሰዓት አንድ እንዲሆን አሳሰቡ።

እንግዲህ ሰዓቱ ያልታወቀ ቁጥር ምክንያቱን ከውጤቱ ለመለየት አይረዳንም። ስለዚህ መረጃ የሚያስተላልፍ ሁሉ ቁጥሩን ከነሰዓቱ ያስተላልፍ እላለሁ።